ስለ አንድ ብሎንና ስለ ባሌ ስም እስከ ይፋግ

ከባሌ ከዓለምነህ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ፍሬን መርገጥ ነበር። የኅዳር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፒካፓችን ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ሥር አፍንጫዋን ከፍታ ቆማለች። እኔ በሾፌሩ ወንበር ተቀምጬ፣ ማርሹ አራተኛ ላይ ገብቶ፣ በሁለት እግሬ ፍሬኑን ረግጫለሁ። እሱ ከፊት ተንበርክኮ የሞተሩን ትልቅ ብሎን ያጠብቃል። ሞተሩ አብሮት እንዳይዞር የምይዝለት እኔ ነኝ።

«ያዝሽ?» ይላል።

«ይዣለሁ።»

«አንቺ ከለቀቅሽው እኮ ብሎኑን እኔ አላዞረውም፣ እሱ ነው እኔን የሚያዞረኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ታጠበ፤ ሽሮ በላን። በሁለተኛው ሳምንት ወባ ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ይህን የጉዞ ማስታወሻ የምጽፈው አገር ላስጎበኝ ብዬ አይደለም። መንገዱ ከባሕር ዳር እስከ ይፋግ ነው፤ ጧት ሄደው ማታ የሚመለሱበት። የሄድሁት ባሌ ከሞተ በኋላ የተጻፈበት አንድ መስመር ውሸት መሆኑን ላሳይ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ብጽፍ ነው። ግን የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ሴት ነኝ። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ሰውን እንደሚያስር አውቃለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በሞተሩ ፊት ቺንጋውን፣ ያን የጎማ ጠፍር፣ የሚያዞር ፑሌጃ የሚባል ክብ ብረት አለ። ፑሌጃውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያስረው አንድ ትልቅ ብሎን ነው። ከፑሌጃው ኋላ ደግሞ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ። ዓለምነህ ያን ቅዳሜ የውስጡን ሰንሰለት ሲለውጥ አዲስ ቀለበት አላገኘም። አሮጌውን መለሰና «አዲሱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንደገና እከፍታታለሁ» አለ። ቀለበቱ የመጣው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የእሱ ስም ተጽፎበት።

ፒካፓችን ከሐይቁ ዳር ዓሣ ወደ ከተማ፣ ከከተማ እህል ወደ ገጠር የምታመላልስ የቤታችን እንጀራ ናት። የዓመቱ የተሽከርካሪ ምርመራ ሚያዝያ ሳይወጣ ነው። ዘይት የምታንጠባጥብ መኪና አታልፍም፤ ያላለፈች መኪና የጭነት ፈቃዷ ይሰረዛል። ስለዚህ ቀለበቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ መካኒኮች ማኅበር ጋራዥ ሄድሁ። በከተማው የጥገና ወረቀቱ በምርመራው ቢሮ የሚታመነው የሱ ብቻ ነበር።

ራዲያተሩን አወረዱ። አንዱ መፍቻ አስገብቶ ጎተተ፤ አልተነቃነቀም። በመፍቻው እጀታ ላይ የውኃ ቧንቧ ሰኩና ሁለት ሰው ተንጠለጠለበት። አሁንም እንቢ አለ። ረዘም ያለ ቧንቧ መጣ፤ ሰውም ተጨመረ። አራት ሆነው «ሆ!» ሲሉ መፍቻው እንደ ሸንኮራ ቀንጠስ አለ። አንዱ ወድቆ ክርኑን ላጠ። ብሎኑ እንዳለ ነው፤ ማዕዘኖቹ ብቻ ተሸራረፉ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልሁ። «ባሌ አጥብቆ ሲጨርስ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጓል። እኔ ፍሬን ይዤ ውስጥ ስለነበርሁ አላየሁም፤ ግን ሰምቻለሁ።»

የጋራዡ ኃላፊ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «እንግዲህ ሞተር በጆሮ የሚጠገንበት ዘመን ደረስን» አለ። ሳቁ። ከዚያ «ባልሽ በይዶታል» አለኝ።

«ባሌ የብየዳ መሣሪያ የለውም።»

«ጎረቤት በይዶለት ይሆናላ።»

ለምርመራው ቢሮ የሚሰጠውን ወረቀት በጽሕፈት መኪና አስመትቶ ማኅተም አሳርፎ፣ አንዱን ለቢሮው ላከ፤ ግልባጩን ለእኔ ሰጠኝ። «በባለቤቱ ያልሠለጠነ አሠራር ምክንያት የሞተሩ ዘንግ ብሎን ተበይዶ ተበላሽቷል። የማኅበሩን መሣሪያም ሰብሯል። አይጠገንም» ይላል። ዓለምነህ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሃያ ዓመት በመፍቻ የኖረ ሰው ነው።

«ምነው እንዲህ ይጻፋል?» አልሁት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚያዝንልኝ ይመስል ነበር። «እኅቴ፣ መፍቻው የሕዝብ ንብረት ነው። ሰባሪው ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል። የልጆቹን ስም ብጽፍ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ከጓድ ዓለምነህ ግን የሚቆረጥ ነገር የለም።»

ይህን ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ምን እንዳልሁት ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ጾም ነበር።

በልቅሶው ሰሞን አንዲት የይፋግ ሴት «እኛ አገር ያለው ወፍጮ የሚዞረው በዚችው በእናንተ መኪና ዓይነት ሞተር ነው፤ ባለ ወፍጮው አያ ደሴ ብቻውን ይፈታዋል፣ ብቻውን ይገጥመዋል» ስትል ሰምቼ ነበር። ሴትዮዋ ይህን ያለችው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

የባሌ ታናሽ ወንድም ይበልጣል የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለው። ለአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ መጣ፤ ፊቱ ግን አልመጣም። ያጠራቀምነውን የቤንዚን ኩፖን ሁሉ ይዘናል። ጭነታችን አምስት ሊትር የሞተር ዘይት፣ የቀበሌው የይለፍ ወረቀት፣ አዲሱ ቀለበትና ያ የተረገመ ወረቀት ነው።

«እትዬ የሺ፣ ለብረት ሽጪያትና እረፊ» አለኝ ገና ከግቢው እንደወጣን።

«አንተ ንዳ።»

«እየነዳሁ ነው የምናገረው።»

«እየነዳህ ዝም በል።»

የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ከሐይቁ ዳር እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በደንገሉ መሐል ወደ ገበያው ይቀዝፉ ነበር። ማዶ ስንደርስ ኬላው ገመዱን ዘረጋብን። ጠባቂው መሣሪያውን በትከሻው አንግቦ የይለፍ ወረቀቱን ገለባብጦ አየ።

«የጉዞ ምክንያት ለሞተር ጥገና ይላል። ባሕር ዳር ጋራዥ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«ብሎን አይፈታም።»

ሊብሬውን አገላበጠ። «የመኪናዋ ባለቤት ዓለምነህ ይላል። የት ነው ያለው?»

«ቅዱስ ጊዮርጊስ።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ተቀብሯል።»

ከእግሬ እስከ ራሴ ጥቁር ለብሻለሁ። እሱ ግን ልብሴን ሳያይ «የሞተበት ማስረጃስ?» አለኝ። የሚያልፉት መኪኖች ሁሉ ሲያልፉ እኛ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ማስረጃ የሌለው ሐዘን ኬላ እንደማያልፍ ያን ጧት ተማርሁ። በኋላ አለቃው ጥርሱን እየፋቀ መጥቶ ወረቀቱን ሳያነብ «ልቀቃቸው፤ ሴትዮዋ ልታለቅስ ነው» አለ። አላለቀስሁም። ልሰድበው ነበር።

ሐሙሲት

ኮረኮንቹ መንገድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በየሠላሳ ደቂቃው እየቆምን ዘይት እንጨምራለን፤ ከኋላችን በአቧራው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየተውን ነው የምንሄደው። ሐሙሲት ስንደርስ ይበልጣል «መንገደኛ አይጾምም» ብሎ ዳቦ በሻይ በላ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁና መኪናው ውስጥ ቀረሁ። አንዲት ቆሎ ሻጭ መስኮቱ ላይ መጥታ ጥቁር ልብሴን አየችና ሳልጠይቃት አንድ እፍኝ ሽምብራ በነጠላዬ ላይ አፈሰሰች። «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለባሌ» አልሁ። «እኔም እንዳንቺ» ብላ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች። ከኬላው ጠባቂና ከጋራዡ ኃላፊ በኋላ፣ በዚያ ሳምንት ማስረጃ ሳትጠይቀኝ ያመነችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ከወረታ እስከ ይፋግ

የጉማራን ወንዝ አልፈን ወረታ ስንደርስ ሜዳው ተከፈተ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ አሁን ተሰነጣጥቆ ደርቋል፤ ላሞቹ ግን አሁንም ትልልቅና ዝንጉርጉር ናቸው። ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ነጫጭ ወፎች ይለቃቅማሉ። ዓለምነህ በዚህ መንገድ ባለፈ ቁጥር «እዚህ ሜዳ ላይ መንዳት ልብ ያሰፋል» ይል ነበር። የእኔ ልብ አልሰፋም። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብሁት፤ መለስሁት፤ ደግሞ አወጣሁት።

«ስታነቢው ይለወጣል?» አለ ይበልጣል።

«ወንድምህ ነው የተጻፈበት።»

የርብን ወንዝ ተሻገርን። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «እኔ መኪና መንዳት የተማርሁት ከሱ ነው» አለ።

ይፋግ፣ አራት ሰዓት አካባቢ

ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ድምፁ ይጠራል። ቆርቆሮ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ከረጢታቸውን በተራ ደርድረው የተቀመጡ ሴቶች አሉ። አያ ደሴ ሽማግሌ ነው፤ ጢሙም ቅንድቡም በዱቄት ነጭ ሆኖ የቱ ሽበት የቱ ዱቄት እንደሆነ አይለይም። ነገሩን ስነግረው ጆሮውን ወደ አፌ አስጠግቶ ሰማ። ከዚያ ወፍጮውን አቆመ። ድንገት ጸጥ ሲል ሴቶቹ ተነሡ።

«ምነው አያ ደሴ? እኛስ ተራ አልያዝንም?» አለች አንዷ።

«ይዛችኋል» አላትና ወደ እኔ ዞሮ «ወረቀቱን አንብቢልኝ» አለኝ፤ እሱ ማንበብ አይችልም። ጮኽ ብዬ አነበብሁት። «ሰብሯል» የሚለው ላይ ስደርስ ተራ የጠየቀችው ሴትዮ «ሙት ተነሥቶ መፍቻ ሰበረ?» አለች።

«በሞተ በስንት ወሩ?» አለች ሌላዋ።

«በአምስት።»

«ጎበዝ ባል ነበረሽ እቴ!» ሳቁ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ከረጢታቸውን ወደ ጥላው ጎተቱና ሊያዩ ከበቡን።

አያ ደሴ ራዲያተሩን ካወረደ በኋላ መፍቻ አልያዘም። ነጭ ጋዝ በጣሳ ቀዳ፤ የዶሮ ላባ ነከረበትና የሞተሩን ፊት ያጥብ ጀመር። በላባው ያረጥባል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ በእንጨት ይፍቃል፤ ደግሞ ያረጥባል። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። ሩብ ሰዓት ታገሥሁ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሥሁ።

«አያ ደሴ፣ እኔ ያመጣሁት ለማሳጠብ አይደለም» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

ቀና አላለም። «እኔ ቤት ዱቄትና ዘይት ተጋግረው ድንጋይ ይሆናሉ። ከድንጋዩ ሥር ያለውን ሳያይ የሚጎትት ሰው ጣቱን ያጣል። ሁለት ጣት ያጣ ወንድም ነበረኝ። አንቺ ጣት ስንት አለሽ?»

«አሥር።»

«ታገሺያ።» ከዚያ እያጠበ ጠየቀኝ። «ባልሽ ሲያስር የት ነበርሽ?»

«ውስጥ፤ ፍሬን ረግጬ።»

«ምን ሰማሽ?»

ከባሌ ሞት ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ብሎኑን ሲጨርስ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ቀስ ብሎ። ከዚያ ደግሞ በሌላ በኩል።»

«በሁለት በኩል?»

«በሁለት በኩል።»

«በመዶሻ የሚበይድ ባል ከነበረሽ ታምር ነው፤ ገዳም እንወስደዋለን» አለና ላባውን ጣለ። «ነይ፣ እዪ።»

ጎንበስ አልሁ። ጭቃው ከለቀቀው ብሎን ሥር አንድ ስስ ብረት ነበር። ጫፉ እንደ ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ በብሎኑ ጎን ላይ ተለጥፏል። በሌላው በኩልም አንድ ምላስ አለ። ብሎኑ በመንገድ ንዝረት እንዳይላላ ከፑሌጃው ጋር የሚያስረው መቆለፊያ ነው። ብየዳ የለም፣ የብየዳ ጠባሳም የለም። ያ ሁሉ ቧንቧ፣ ያ ሁሉ «ሆ!» የተቆለፈ በር ላይ ነበር። ቢያንስ ጠርገው ቢያዩ! በጨርቅ አንድ ጊዜ ቢያብሱት! ተናደድሁ፤ እንባዬም መጣ፤ የቱ ቀድሞ እንደመጣ አላውቅም።

«እነሱ የያዙት ብሎኑን አይደለም፤ ጭቃውን ነው» አለ አያ ደሴ። «መፍቻው ጥርሱን ሳያስገባ ነው የጎተቱት። ይሰበራላ።» በመሮና በትንሽ መዶሻ ምላሶቹን ቀና ቀና አደረጋቸው። ድምፁን አወቅሁት። ያን ቅዳሜ የሰማሁት ድምፅ ነው።

የተሸራረፉትን ማዕዘኖች በሞረድ አስተካከለ። «አሁን አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ» ሲል ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

«ይበልጣል ይርገጥ» አልሁ። «እኔ አያለሁ።»

ይበልጣል ገብቶ ረገጠ። አያ ደሴ ለወፍጮው ሞተር ራሱ ያሠራውን መፍቻ አመጣ፤ ከክንድ አይበልጥም። ብሎኑ ላይ በመዶሻ መትቶ በደንብ አስገባውና እጀታውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ በከባድ መዶሻ ገጨ። በሦስተኛው ብሎኑ «ከረር» ብሎ ለቀቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በጥቁር ልብሴ ለብሎን እልልታ ስሰማ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

አዲሱን ቀለበት አስገባልን። «የታጠፈ ምላስ ሁለተኛ አይታጠፍም» ብሎ ከላሜራ አዲስ መቆለፊያ ቆርጦ አሠረበት። አሮጌውን ለእኔ ሰጠኝ። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ዙሪያው በዓለምነህ ሞረድ ለስልሷል። ማንም የማያየውን ነገር ጠርዝ ያለሰለሰ ሰው ነው «ያልሠለጠነ» የተባለው።

ገንዘብ ልሰጥ ስል አያ ደሴ እጄን ገፋ። «ጽሕፈት ታውቂያለሽ። የሆነውን እንደሆነ ጻፊው» አለና ወፍጮውን አስነሣ። ሴቶቹ እንደ ተራቸው ከረጢታቸውን መለሱ። ያቺ ተረበኛ ሴትዮ ስትሰናበተኝ ጉንጬን በዱቄታም እጇ ይዛ ስማ ዱቄት አለበሰችኝ፤ እስከ ወረታ ድረስ ሳልጠርገው ሄድሁ።

መልስ

ስንመለስ አንድ ጠብታ አልጣለችም። በየመንገዱ እየወረድን እናያለን፤ አፈሩ ደረቅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረታ ጾሜን በሽሮ ፈታሁ። ይበልጣል ወንድሙን እያነሣ ሲያወራ ዋለ፤ ስለ መሸጥ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ዓርብ ጧት አሮጌውን መቆለፊያ ይዤ ወደ ማኅበሩ ጋራዥ ሄድሁ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ተመለከተው። እንደገባው ከዓይኑ አየሁ።

«ይኼን ከየትም ልታመጪው ትችያለሽ» አለ።

«ከሞተሩ ላይ ነው የወጣው። ሰው አለኝ፤ ይፋግ ያለው ባለ ወፍጮ ይመሰክርልኛል።»

«እሺ፣ ይሁን። መፍቻውስ? መፍቻው በምን ተሰበረ ልበል?»

«በችኮላ በሉ።»

«ይህ አይጻፍም» አለኝ። አልተቆጣም። እንዲያውም አዘነልኝ፤ ይበልጥ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለሠራተኞቹ የሚሳሳ፣ ለሕያዋን ሲል ሙት ላይ የሚጽፍ ጨዋ ሰው ነው።

ሰኞ ምርመራ ገባን። መርማሪው ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሥር አየ፤ ነጭ ወረቀት አነጠፈበት፤ ሞተሩን ሩብ ሰዓት አስነሥቶ ወረቀቱን አነሣ። ንጹሕ ነው። ከፋይሉ ያን የጋራዥ ወረቀት አውጥቶ «አይጠገንም ይላል እኮ» አለ። «ትነሣለች ወይስ አትነሣም?» አልሁት። ሳቅ አለና ቦሎውን ሰጠኝ። ፈቃዱም ጸና።

«ያቺን መስመር ሰርዙልኝ» አልሁ።

«መኪናሽ አልፋለች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ባሌ አላለፈም።»

የሚሰርዘው የጻፈው መሥሪያ ቤት ነው አለኝ። ጋራዡ ደግሞ አንዴ ከወጣ ወረቀቱ የቢሮው ነው ይላል። በሁለቱ መሐል ያለው መንገድ ከባሕር ዳር እስከ ይፋግ ካለው ይበልጣል፤ አያ ደሴ ደግሞ በመንገዱ ላይ የለም።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ሰዎች ሞተር የሚፈቱት በጉልበት ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁን አላምንም። አራት ጎልማሳ ያልቻለውን አንድ ሽማግሌ የቻለው ስለጠየቀና ስላጠበ ነው። ያን ማድረግ አንድ ሰዓት ብቻ ይፈጃል። ያን አንድ ሰዓት ለዓለምነህ የነፈጉትን ሰዎች ይቅር ለማለት ሞክሬያለሁ፤ በጾም ሞከርሁ፣ በፋሲካም ሞከርሁ። አልሆነልኝም።

ፒካፗን በዕረፍት ቀኑ ይበልጣል ይነዳታል፤ ዓሣውን የምቀበለውም የማስረክበውም እኔ ነኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ማመልከቻዬን በእጄ ጽፌ፣ መቆለፊያውን በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ቢሮው ሲከፈት ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። ባለፈው ወር በሚቀጥለው ነይ አሉኝ፤ እሄዳለሁ።